ሁለተኛው ሞት፦ ሉፐስ፣ የደም ምርመራና የልብ ቧንቧ ከቪየና እስከ ሰቆጣ

ኢኤስአር የሚባለውን የደም ምርመራ ወረቀቱን ይዞ ከላብራቶሪ ወደ ሐኪም ክፍል የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሉፐስንም በስም የሚያውቁ እየበዙ መጥተዋል፤ የፊት ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሆነ ሰምተዋል። የልብ ቧንቧ መጥበብ ደግሞ ጮማ የሚወድ፣ ከወንበሩ የማይነሳ የከተማ ሰው ሕመም ተደርጎ ይወራል። ሦስቱ ወሬዎች በአንድ አፍ ሲነገሩ እምብዛም አይሰማም። ታሪካቸው ግን አንድ ነው፤ ከ170 ዓመት በላይ የፈጀ፣ ከአውሮፓ የቆዳ ክፍሎች ተነስቶ እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ ውስጥ አንድ ሐኪም መድኃኒት ልጨምር ወይስ ልቀንስ እያለ እስከሚያመነታበት ሰዓት ድረስ የሚዘልቅ።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚዞርበት በሽታ ነው። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን፣ የልብና የሳንባን ሽፋን ይይዛል። በሰቆጣ ዙሪያ ባለው በዋግ ደጋ አንዲት ሴት ፀሐይ በነካት ቁጥር ፊቷ ሽፍ ቢል ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። ሽፍታው ጠቁሮ ሲቀር ማድያት ይባላል። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ቢሏት ቁርጥማት ነው፤ ጠበል ትወርዳለች። ሦስቱ የአንድ ሕመም ቅርንጫፎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማሰብ የአውሮፓ ሐኪሞችም ቢሆኑ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1845–1904፦ ከቆዳው በታች

በ1845 በቪየና ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ የሚባል ሐኪም በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋ ሽፍታ እንዳለ ጻፈ። በ1851 ፈረንሳዊው ፒየር ካዜናቭ ሕመሙን ዛሬ በምንጠራው ስም ጠራው። ሁለቱም የቆዳ ሐኪሞች ነበሩና ያዩት ቆዳ ነው። ወደ ውስጥ ያየው የሄብራ አማች ሞሪትዝ ካፖሲ ነበር። በ1872 ሽፍታው ካለባቸው ሕሙማን አንዳንዶቹ እንደሚያተኩሳቸው፣ መገጣጠሚያቸው እንደሚያብጥ፣ እየመነመኑ ሄደውም እንደሚሞቱ ገለጸ። ያን ጊዜ የዋጉ ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት፣ በአድዋ አቅራቢያ በካሳ ምርጫ ተሸንፈው ዙፋናቸውን ካጡ ገና አንድ ዓመት ነበር። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ካፖሲ የገለጻትን ዓይነት ታማሚ ግን የሚመዘግብ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ዊልያም ኦስለር ነው። ከ1895 እስከ 1904 ባወጣቸው ጽሑፎች በሽታው ቆዳ ሳይነካ ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሉፐስ የቆዳ ክፍል ንብረት ብቻ መሆኑ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ክርክር ነበር፤ ከሉፐስ ጋር ምንም የማይገናኝ ይመስል ነበር። በ1856 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾ የደም ቅዳ ግድግዳ ሲወፍርና ሲጠብ ነገሩ የስብ መከማቸት ብቻ ሳይሆን ብግነት፣ ማለትም የሰውነት ቁጣ፣ ነው አለ። የቪየናው ካርል ሮኪታንስኪ፣ የለም፣ ብግነቱ የሚመጣው በኋላ ነው ብሎ ተከራከረው። በ1913 ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል መግቦ ቧንቧቸውን ሲያጠብ ክርክሩ የተዘጋ መሰለ። ስቡ አሸነፈ፤ የቪርኾ ሐሳብ ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

1897–1930፦ ደም በቱቦ ውስጥ

ብግነትን ከደም ውስጥ የማንበብ ጥበብ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በ1897 በዋርሶ ኤድመንድ ቢየርናትስኪ ያልረጋ ደም በቱቦ ሲቆም ቀይ ሕዋሶቹ የሚዘቅጡበት ፍጥነት ከሰው ሰው እንደሚለያይና ሕመም እንደሚያፋጥነው አስተዋለ። በ1918 ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዩስ የእርግዝና ምርመራ ፍለጋ ላይ ሳለ ወደዚሁ ነገር ተመለሰ። በ1921 የአገሩ ልጅ አልፍ ቬስተርግሬን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ለመከታተል ዘዴውን አስተካክሎ ደነገገው። ዛሬም በኢትዮጵያ ላብራቶሪዎች ኢኤስአር ሲሠራ የሚከተለው እሱ የተወውን መንገድ ነው፦ ደሙን ከሲትሬት ጋር መቀላቀል፣ በቀጭን ቱቦ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ማንበብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል። እሱና ፀረ እንግዳ አካላት ሲበዙ ቀይ ሕዋሶች እንደ ተደራረበ ሳንቲም ይጣበቃሉ፤ ይከብዳሉ፤ ፈጥነው ይወርዳሉ። የደም ማነስም ያፋጥነዋል። ቁጥሩ አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ነው በአንድ በኩል የተናቀው፣ በሌላ በኩል ደግሞ መቶ ዓመት አልፎት ያልሞተው።

ሁለተኛው ምልክት የተገኘው በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም ነው። ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች ሕሙማንን ደም ሲመረምሩ ከሳንባ ምቹ ባክቴሪያ ስኳር ጋር የሚጣበቅ አንድ ነገር አገኙ። በሕመሙ ጽናት ጊዜ አለ፤ ሕመምተኛው ሲድን ይጠፋል። ይህ ዛሬ ሲአርፒ የምንለው ነው። ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን በቁጣ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቁጣው ሲበርድ ፈጥኖ ይወርዳል። ኢኤስአር ግን ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ይህ የፍጥነት ልዩነት ኋላ ላይ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ነው።

1948–1958፦ ዕድሜ የተጨመረበት አሥር ዓመት

እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሉፐስን በእርግጠኝነት የሚለይ የደም ምርመራ አልነበረም። በ1948 በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ማልኮም ሃርግሬቭስ ከሉፐስ ሕሙማን መቅኔ ውስጥ የሌላ ሕዋስ አስኳል የዋጠ እንግዳ ሕዋስ አየ። የራስን ሕዋስ አስኳል የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት እንዳሉ ለማወቅ ከዚያ ዓመታት ብቻ ነበር የቀረው፤ በ1957 ተረጋገጠ። በዚያው ሜዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች በ1949 ኮርቲዞን የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማንን ከአልጋ እንዳነሳ አስታወቀ፤ በማግስቱ ዓመት ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መድኃኒቱ ወዲያው ለሉፐስ ዋለ።

ያ ለውጥ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከታወቁት የሉፐስ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ኮርቲዞንና ወንድሞቹ ፕሬድኒሶንና ፕሬድኒሶሎን፣ በአንድ ስም ስቴሮይድ የሚባሉት፣ የሚሞቱትን አቆዩ። ፊት ማሳበጣቸው፣ የደም ግፊትና ስኳር መጨመራቸው፣ አጥንት ማሳሳታቸው ግን ወዲያው ታየ።

ሌላው መድኃኒት ከወባ በኩል መጣ። በ1951 በለንደን ፍራንሲስ ፔጅ መፓክሪን የተባለው የወባ መድኃኒት የሉፐስን ሽፍታና ቁርጥማት እንደሚያስታግስ ጻፈ። ክሎሮኪን ተከተለ፤ በ1955 ደግሞ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ታሪኩ ኢትዮጵያን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በ1954 የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1958 በሰፊው የአገሪቱ ክፍል የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ክሎሮኪን በኢትዮጵያ የጤና ሥራ ውስጥ የቤት ስም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በተከዜ ቆላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ፣ ወባ ድሮም የታወቀ እንግዳ ነው። ለሉፐስ ሕሙማን ዛሬ የሕክምና ምሰሶ የሆነው የመድኃኒት ዘር በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ለሌላ በሽታ ተቀምጦ ነበር። አንዲት የሉፐስ ታማሚ ለወባ ክሎሮኪን ውጣ ቁርጥማቷ ለጊዜው ቢለቃት፣ ወባው ለቀቀኝ ከማለት በቀር ሌላ ምን ታስባለች?

1975–1985፦ 11 ሞቶች በቶሮንቶ

ዕድሜ ሲረዝም ሌላ ነገር ታየ። በ1975 አሜሪካውያኑ በርናዲን ቡልክሊና ዊልያም ሮበርትስ ስቴሮይድ ሲወስዱ ቆይተው የሞቱ 36 የሉፐስ ሕሙማንን ልብ መረመሩ። በወጣት ሴቶች ልብ ውስጥ የጠበቡ ቧንቧዎች አገኙ።

ዋናው ማዞሪያ ግን 1976 ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሙሬ ዩሮዊትዝና ባልደረቦቹ 81 የሉፐስ ሕሙማንን ለአምስት ዓመት ተከታትለው ነበር። ከእነሱ 11 ሞቱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ያዩት ግን አከፋፈሉን ነው። 6ቱ በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። ሉፐሱ እየነደደ ነበር፤ የአራቱ ኩላሊት ተይዞ ነበር፤ አራቱን ኢንፌክሽን አግዞ ገደላቸው፤ በቀን በአማካይ ከ50 ሚሊግራም በላይ ፕሬድኒሶን ይወስዱ ነበር። የቀሩት 5ቱ የሞቱት በአማካይ ከ8 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ከእነዚህ ሉፐሱ የነቃበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኢንፌክሽን የለም፤ የሚነድ ኩላሊት የለም። አምስቱም በሞቱበት ሰሞን የልብ ቧንቧቸው ተዘግቶ የልብ ጡንቻቸው ሞቶ ነበር።

ሐኪሞች ሉፐሱን አሸነፍነው ብለው ፋይሉን ከዘጉ በኋላ የመጣ ሞት ነው። ከዚያ ወዲህ ሉፐስ ሁለት ሞት እንዳለው ታወቀ፦ ፈጥኖ የሚመጣው የበሽታው ቁጣና ኢንፌክሽን፣ ዘግይቶ የሚመጣው የደም ቅዳ ሕመም። ሁለተኛው የሚደርሰው የመጀመሪያውን ያለፈ ሰው ላይ ብቻ ነው። እንደ እኔ አመለካከት ይህን ታሪክ በዋግ ደጋ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1984፣ ቢቢሲ በኮረም ሜዳ የተቀረጸውን የረሃብ ምስል ለዓለም ሲያሳይ፣ ከዋግ ተራሮች የወረዱ ገበሬዎች ከተራቡት መሐል ነበሩ። በዚያን ጊዜ በዚያ አገር የሉፐስን የዘገየ ሞት መቁጠር ቀርቶ የመጀመሪያውን በስሙ የሚጠራ አልነበረም።

በ1983 ደግሞ የለንደኑ ግራሃም ሂውዝ በአንዳንድ የሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት ደም እያረጉ ስትሮክና ተደጋጋሚ ውርጃ እንደሚያመጡ አሳየ። የቧንቧው ጣጣ መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ተጨማሪ ምስክር ሆነ።

1997–2003፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ለሃያ ዓመት ያህል ተጠርጣሪው ፕሬድኒሶን ነበር። ግፊት ይጨምራል፣ ስብ ይጨምራል፣ እንግዲህ ቧንቧውን ያጠበበው እሱ ነው ተባለ። በ1997 የፒትስበርጓ ሱዛን ማንዚ 498 የሉፐስ ታማሚ ሴቶችን በፍራሚንግሃም ከተማ ለዓመታት ሲጠኑ ከኖሩ ሴቶች ጋር አነጻጸረች። ከ35 እስከ 44 ዓመት ባሉት መካከል የሉፐስ ታማሚዎቹ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከ50 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዕድሜ ሌሎች ሴቶች በዚህ ሕመም የሚያዙት ከስንት አንድ በመሆኑ ነው እጥፉ እንዲህ የገዘፈው፤ ያም ሆኖ ቁጥሩን ያየ ሐኪም ዝም ሊል አይችልም። በ2001 የካናዳዎቹ ጆን ኤስዴይልና ባልደረቦቹ ዕድሜን፣ ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን፣ ሲጋራንና ስኳርን ሁሉ ቢያወራርዱም ከፍ ያለው አደጋ አለመጥፋቱን አሳዩ። ከሒሳቡ የጎደለ አንድ ነገር ነበር።

የጎደለው ነገር በዚያው ሰሞን ከሌላ በር ገባ። በ1997 የቦስተኑ ፖል ሪድከር ጤነኛ በሚመስሉ ወንድ ሐኪሞች ደም ውስጥ ሲአርፒ ትንሽ ከፍ ያለባቸው ከዓመታት በኋላ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳየ። በ1999 ራስል ሮስ የደም ቅዳ መጥበብ የብግነት በሽታ ነው ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ቪርኾ ከመደርደሪያው ወረደ።

ከዚያ ታኅሣሥ 2003 መጣ። በአንድ የሕክምና መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጥናቶች ወጡ። የሜሪ ሮማን ቡድን 197 የሉፐስ ሕሙማንን የአንገት ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ አየ፤ 37 በመቶው የስብ ክምችት ነበረባቸው፣ በእኩያ ጤነኞች 15 በመቶ ብቻ። የዩ አሳኑማ ቡድን የልብ ቧንቧን በሲቲ ፈተሸ፤ የቧንቧ መጠጠር ምልክት የሆነው ካልሲየም ከሉፐስ ሕሙማን 31 በመቶው ላይ፣ ከጤነኞቹ 9 በመቶው ላይ ተገኘ። የሮማን ጥናት ያመጣው ያልተጠበቀ ነገር ግን ሌላ ነው። ክምችት ያለባቸው ሕሙማን ከሌላቸው ይልቅ ፕሬድኒሶንም፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንም፣ ጠንካራ መድኃኒቶችንም ያነሰ የወሰዱ ነበሩ። ፕሬድኒሶን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቧንቧን እንደሚጎዳ ሌሎች ጥናቶች ይመሰክራሉ። ተጠርጣሪው ግን ሁለት ሆነ፤ ያልታከመው ቁጣ ራሱ ከተከሳሾቹ ሣጥን ገባ።

2003–2011፦ ዝም ያለው ምልክት

እንግዲህ ቀጣዩ እርምጃ ቀላል ይመስል ነበር። ሲአርፒ በጤነኛ ሰው የልብን አደጋ የሚያመለክት ከሆነ፣ በሉፐስማ ምን ያህል በግልጽ ይናገር!

አልተናገረም። በሉፐስ ሲአርፒ እንግዳ ጠባይ እንዳለው ሐኪሞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያውቁ ነበር። በሽታው ሲነሣ፣ ኩላሊት ሲቆጣ፣ ቆዳ ሲነድ ኢኤስአር ይወጣል፤ ሲአርፒ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀመጣል። ከፍ የሚለው ኢንፌክሽን ሲገባ ወይም የሳንባና የልብ ሽፋን ሲቆጣ ነው። ምክንያቱ ሲፈለግ ወደ ኢንተርፌሮን ተደረሰ፤ ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚያመርተው፣ በሉፐስ ግን ያለ ቫይረስ የሚፈስ ፕሮቲን ነው። በ2003 የሉፐስ ሕሙማን ነጭ የደም ሕዋሶች የኢንተርፌሮን አሻራ እንዳለባቸው በዘረመል ጥናት ታየ። በ2009 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን አልፋ የጉበት ሕዋሶች ሲአርፒ እንዳያመርቱ እንደሚያፍን አሳዩ። ያው ኢንተርፌሮን፣ የሚቺጋኗ ማሪያና ካፕላን ቡድን በ2007 እንዳሳየው፣ የተጎዳን የቧንቧ ሽፋን የሚጠግኑ ሕዋሶችን ያዳክማል። ቧንቧውን የሚጎዳው ኃይል ጉዳቱን የሚያስታውቀውን ምልክት ራሱ ያፍነዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ሲአርፒ ያላት የሉፐስ ታማሚ ቧንቧዋ ደህና ነው ተብላ ልትሸኝ አይገባም።

ተመራማሪዎች ሌላ ምልክት ፍለጋ ወጡ። በሎስ አንጀለስ የሞሪን ማክማሆንና የቤቭራ ሃን ቡድን በ2006 ደጉ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ በብዙ የሉፐስ ሕሙማን ውስጥ ጠባዩ ተገልብጦ ብግነት የሚያባብስ ሆኖ አገኙት። ይህ ምርመራ ግን ከምርምር ቤት ወደ ተራ ላብራቶሪ አልወጣም። መድኃኒትም ተሞከረ፤ በ2011 የጆንስ ሆፕኪንሷ ሚሼል ፔትሪ ለ200 የሉፐስ ሕሙማን አቶርቫስታቲንን ወይም ባዶ ክኒንን ለሁለት ዓመት ሰጥታ አየች። ኮሌስትሮሉ ወረደ፤ የቧንቧው ካልሲየም ግን አልተለየም። የጤነኛውን ሰው መፍትሔ እንዳለ አንስቶ ለሉፐስ መስጠት አልሠራም።

2002–2017፦ ተራራው፣ አስከሬኖቹና የአማዞን ገበሬ

እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የተሠሩት በሀብታም አገር ከተሞች ነው። ለዋግ ምን ይነግራሉ? እዚህ ላይ ሦስት ሥራዎችን አነሣለሁ፤ ስለ ሉፐስ የተሠሩ አይደሉም፣ ያለ እነሱ ግን ቁጥሩን በሰቆጣ ማንበብ አይቻልም።

የመጀመሪያው የሲንቲያ ቢል ነው። በ2002 ከተከዜ ማዶ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳየች፤ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን በከፍታ ደማቸው ይወፍራል። የወፈረ ደም በቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚዘቅጥ ኢኤስአርን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ይህ በሰሜን ሰዎች ካልታየ፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ በምትገኘው ሰቆጣ ኢኤስአር በከፍታ ምክንያት ይዋሻል ብሎ የሚፈራበት ምክንያት ትንሽ ነው።

ሁለተኛው በ2013 የወጣ ነው። ከግብፅ፣ ከፔሩ፣ ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብና ከአሉሺያን ደሴቶች የተገኙ 137 የደረቁ ጥንታዊ አስከሬኖች በሲቲ ታዩ፤ ከሦስቱ በአንዱ ያህል ላይ የቧንቧ መጠጠር ነበር። ተመራማሪዎቹ ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች መካከል የማያባራ ኢንፌክሽንና የቤት ውስጥ ጭስ ይገኙበታል። ከሰቆጣ ብዙ በማትርቀው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ጭሱ ግን ዛሬም በዋግ ጎጆዎች ውስጥ አለ፤ ማገዶና ኩበት የምታነድደውም ሴቷ ናት።

ሦስተኛው ነገሩን ገለበጠው። በ2017 በቦሊቪያ የሚኖሩ ጺማኔ የሚባሉ አራሾችና አዳኞች ልብ ታየ። ከግማሽ ያህሉ በላይ ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ጥገኛ ትላትሎችና ኢንፌክሽን አይለያቸውም። ከ100 ሰው 85ቱ ግን በልብ ቧንቧቸው ምንም ካልሲየም አልተገኘባቸውም፤ እስከዚያ ከተጠኑ ሕዝቦች ሁሉ ንጹሑ ነበር። በዚያው ዓመት ካንቶስ የሚባለው ሙከራ፣ ከ10,000 በላይ ሕሙማን ያሳተፈው፣ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ሁለቱ ውጤቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። ከፍ ያለ ሲአርፒ የሚለው እንደ ባለቤቱ ነው። ተራራ ወርዶና ወጥቶ የሚያርስ ቀጭን ገበሬ ላይ የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። የቦስተን ሐኪም ላይ የልብ ማስጠንቀቂያ ነው። ሉፐስ ያለባት ሴት ላይ ደግሞ ዝምታውም ጩኸቱም የየራሱ ትርጉም አለው።

2003–ዛሬ፦ ሰቆጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ በወጣትነት ልብ መታመም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመም ነው። ትክክልም ነው፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማእከል ሲከፈት ካስከፈቱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሕመም ነው። ኢኤስአርና ሲአርፒም ለዚሁ በሽታ መለያ ሆነው ሐኪሞቻችን የለመዷቸው ናቸው። መገጣጠሚያዋ ያበጠ፣ የሚያተኩሳት፣ ልቧ በኃይል የሚመታ ወጣት ስትመጣ ሩማቲክ መባሏ አይገርምም። ሉፐስ በዚያ ጥላ ውስጥ ተደብቆ መኖሩም አይገርምም።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ዓላማው እናትና ልጅ፣ ወባና ንጽሕና ነበር። በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን የከተማዋን ስም በመላ አገሪቱ ያስጠራው የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማብቃት ነው። ዋግ ቅድሚያ የሰጠው ለረሃብ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? በ2020 በኮሮና ሰሞን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያድናል ተብሎ ዓለም ሲሻማበት መድኃኒቱ በየአገሩ ከሉፐስ ሕሙማን እጅ ጠፋ፤ ለኮሮናም አልጠቀመ። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ሲደርስ ሰቆጣ ለወራት ተቆርጣ ቆየች፤ የጤና ተቋማት ተጎዱ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኢንተርፌሮንን የሚያግድ አኒፍሮሉማብ የተባለ የሉፐስ መድኃኒት ፈቃድ አገኘ። በሳይንሱ ወደ ሥሩ የቀረበ መድኃኒት ነው፤ ዋጋው ግን ከሰቆጣ ገበያ ጋር አይተዋወቅም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ታሪክ ሲጨመቅ ከተረፉት ነገሮች አብዛኞቹ ርካሾቹ መሆናቸው ነው። ከ2017 ጀምሮ ሉፐስንና ስቴሮይድን በልብ አደጋ ስሌት ውስጥ ያስገባ የእንግሊዝ መተመኛ አለ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ደግሞ በ2022 የሉፐስ ታማሚ የደም ግፊት ከ130/80 በታች እንዲሆን፣ በ2023 ፕሬድኒሶሎን በዘላቂነት ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሁሉም እንዲሰጥ መክሯል። ይህ የሚጠይቀው የግፊት መለኪያ፣ የሽንት ምርመራ ወረቀት፣ የቬስተርግሬን ቱቦና ከወባ ቤት የመጣ ክኒን ነው። የዓይን ክትትል መጨመር አለበት፤ መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ የዓይን መጋረጃን ሊጎዳ ይችላልና።

ሲአርፒም ቦታው አልጠፋም፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ። ሉፐስ እንዳለባት የታወቀች ሴት ከዝቋላ በትኩሳት ነድዳ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትደርስ፣ የሐኪሙ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሉፐሱ ተነሣ ወይስ ሌላ ገባባት? መልሱ ካልታወቀ ፕሬድኒሶሎን መጨመር እሳት ላይ ላምባ ማርከፍከፍ ሊሆን ይችላል፤ የቶሮንቶዎቹ የመጀመሪያ ስድስቱ እንዲህ ባለው መንታ መንገድ ላይ ነበሩ። ኢኤስአር ወጥቶ ሲአርፒ ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሉፐሱ ያመዝናል። ሁለቱም ከወጡ መጀመሪያ የወባ ስላይድ ይታያል፣ ሳንባዋ ይደመጣል፣ አክታዋ ይመረመራል፤ በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው ካላዛርም ሉፐስን መምሰል የሚችል በሽታ ስለሆነ ጣፊያዋ ይዳሰሳል። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ሁለተኛ ሞት የመከላከሉ ሥራ ይጀመራል፦ በቀጠሮዋ ሁሉ ግፊቷን መለካት፣ ሽንቷን ማየት፣ ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ማውረድ።